አገር አቀፉ ፈተና የቀለም ትምህርትን ብቻ ሲለካ ለተግባር ትምህርት ምን ያህል ጊዜ እንስጥ?

የኬሚስትሪ መምህር፣ ቃሉ ወረዳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስንነጋገርበት ከርመን መቋጫ ያጣንለትን ጉዳይ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትመክሩበት አቀርባለሁ።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ጎን ግብርናን ራሱን እንደቻለ ትምህርት ይማራሉ፤ የሌሎቹ ትምህርቶች መጻሕፍትም በየምዕራፋቸው ተማሪው በእጁ ሊሠራው የሚገባ የተግባር ሥራ ይዘዋል። ሐሳቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ተማሪው ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ጥያቄዎቹ በምርጫ የሚመለሱ ናቸው። ቡሬት (ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበት የመስታወት ቱቦ) በእጁ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ስለ ቲትሬሽን (የአሲድን ወይም የቤዝን መጠን በጠብታ ለክቶ ስለማወቅ) የተጠየቀውን ቀመር በመሸምደድ ብቻ ሊመልስ ይችላል፤ ግብርና ደግሞ ከነጭራሹ በፈተናው ውስጥ የለም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ በኋላ በየቤቱ የገባውን ስጋት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

በቅርቡ ባደረግነው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ልጆቻችንን መቆፈር ይማሩ ብለን አይደለም የላክናቸው፤ መቆፈሩንማ ከቤታቸው ያውቁታል» አሉ። ብዙ ወላጆችም ደገፏቸው። ከባልደረቦቼ መካከል የተግባር ክፍለ ጊዜያትን ሙሉ በሙሉ ወደ ፈተና ልምምድ እንለውጥ የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ይሁን እንጂ የምመልሰው በቂ መልስ የለኝም፤ ምክንያቱም ያለንበት ሁኔታ በእርግጥ ከባድ ነው። በአንድ ክፍል ከስድሳ በላይ ተማሪ አለ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ቤተ ሙከራችን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፎ ከጥቂት ብርጭቆና ከአንዳንድ ጠርሙሶች በስተቀር የቀረው ነገር የለም። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት የተግባር ትምህርትን ከቀለም ትምህርቱ ጋር አጣጥሞ ማስኬድ ይቻላል? ከተቻለስ ምዘናው እንዴት ቢሆን ይሻላል? በቡድን ሲሠሩ አንዱ ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ፤ ይህም ያሳስበኛል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ደሴ

መምህር፣ ጥያቄውን በግልጽ በማቅረብዎ አመሰግንዎታለሁ። በስብሰባው ላይ የተናገሩትን አባት ስለምረዳቸው በእርሳቸው በኩል ያለውን ሐሳብ ላስረዳ።

እኔ የተግባር ትምህርትን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ያ ፈተና ነው። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጁን በግል ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ማታና ቅዳሜ አስጠኚ ይቀጥርለታል፤ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ደጋግሞ ያሠራዋል። የእኛ ልጆች ያላቸው ጊዜ በክፍል ውስጥ የሚያሳልፉት ብቻ ነው። በተለይ ሴቶቹ ቤት ሲገቡ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጀራ መጋገሩ፣ ታናናሾችን መጠበቁ ይጠብቃቸዋል፤ መጽሐፍ የሚገልጡት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ከዚያች ጥቂት የክፍል ጊዜ ላይ ለተግባር ተብሎ ሲቀነስ የሚጎዳው ሌላ መማሪያ የሌለው ልጅ ነው። የሚያስተምሩት መምህራን ግን በዚህ ምክንያት የሚያጡት ነገር ስለሌለ ጉዳቱ ላይታያቸው ይችላል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የተግባር ትምህርቱ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል በስፋት ይሰጥ፣ በ11ኛ ይቀንስ፣ በ12ኛ ይቁም የሚል ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ከገባ በኋላ ቤተ ሙከራውም ወርክሾፑም እዚያ ይጠብቀዋል። ያልገባ እንደሆነ ግን ቡሬት መያዙ ምን ይጠቅመዋል? ይህን የምለው በመከፋት አይደለም፤ መልስ ካለ በእውነት መስማት እፈልጋለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የእንጨት ሥራ መምህር፣ ደሴ

እኅቴ፣ የተናገሩት እውነት ነው፤ በተለይ ስለ ሴቶች ልጆች ያነሡትን ማንም ሊያልፈው አይገባም። ልጄ መምህርም የተጨነቀበት ነገር ተገቢ ነው። ነገሩ ዛሬ የተጀመረ ስላልሆነ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብዬ ብናገር ይጠቅም ይሆናል።

በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ፣ ታሪክና ቋንቋ በሚሰጥበት በዚያው ግቢ ውስጥ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ኤሌክትሪክ፣ የቴክኒክ ንድፍ፣ የቤት አያያዝ፣ ታይፕና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ይሰጥ ነበር። በከተማችን በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት የዚህ ዓይነት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ነበር፤ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። የዚያ አደረጃጀት ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ አስተያየት፣ ተማሪው ሙያ ይዞ መውጣቱ ብቻ አልነበረም። ጎበዝ የሚባለው ተማሪና ደካማ የሚባለው ተማሪ በአንድ ወርክሾፕ፣ በአንድ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ይገናኙ ነበር። የእጅ ሥራ የወደቀ ሰው መጠጊያ ተደርጎ አይታይም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃን አደረጃጀት ለወጠው። ከዚያ በኋላ ተማሪው በ10ኛ ክፍል ማብቂያ ይፈተናል፤ ጥሩ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላካል። ኮሌጆቹ በየከተማው መከፈታቸው መልካም ነበር፤ ብዙ ወጣትም እንጀራ በልቶባቸዋል። ነገር ግን ሙያ ውጤት ያልመጣለት ሰው የሚመደብበት ነገር ሲሆን ወላጅም ተማሪም ሙያን እንደ ቅጣት ቆጠሩት። የ10ኛ ክፍል ፈተና ዛሬ ቀርቷል፤ አስተሳሰቡ ግን እንዳለ ነው። በስብሰባው ላይ የተነሡት አባት የተናገሩትም በዚህ ዘመን የተገነባውን ስሜት ነው እንጂ ስንፍና ወይም አለማወቅ አይደለም።

ይሁንና የድሮውን አሠራር ምሉዕ አድርጌ ላቀርብ አልፈልግም። የእንጨት ሥራ መምህሩና የሒሳብ መምህሩ በአንድ ግቢ እየኖሩ ስለ ሥራቸው አይነጋገሩም ነበር። ተማሪው በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ የፓይታጎረስን ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያረጋግጣል፤ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ገብቶ የበር መቃን ይገጥማል፤ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የሚነግረው ሰው የለም። አናጢ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ሲፈትሽ ከአንዱ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከሌላው ጎን 80 ሴንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው። ትንሽ ካነሰ ማዕዘኑ ጠቧል፣ ከበለጠ ሰፍቷል። ይህ የፓይታጎረስ ቀመር እንጂ ሌላ አይደለም። የጣሪያ ቁልቁለትም እንዲሁ የታንጀንት ስሌት ነው። መቃኑን ሲገጥም ቀመሩን የሚያስብ ተማሪ በፈተና ላይ የጎን ርዝመት ሲጠየቅ የትኛው ጎን ትልቁ እንደሆነ አይምታታበትም።

እኅቴ፣ ለጥያቄዎ የምመልሰው ይህንን ነው። የተግባር ትምህርት ከቀለም ትምህርቱ ተለይቶ፣ በራሱ ቀንና በራሱ ርዕስ የሚሰጥ ከሆነ እርስዎ እንዳሉት ጊዜ ይወስዳል፤ ለፈተናም አይረዳም። በዚያው ሳምንት የሚሰጠው ምዕራፍ ማስረጃ ሆኖ ሲገባ ግን ምዕራፉን ለማስረዳት የሚፈጀውን ጊዜ ያሳጥራል። መምህሩ ሊመዝነው የሚገባው የሰዓቱን ብዛት ሳይሆን ይህንን ትስስር ነው። በ12ኛ ክፍል ይቁም በሚለው ሐሳብዎ ስለዚህ አልስማማም፤ ለመዝገብ ማሟያ ብቻ የሚደረገው የተግባር ክፍለ ጊዜ ይቁም ቢሉ ግን እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ።

የፊዚክስ መምህርት፣ ወልድያ

ጋሼ ያስረዱትን በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይ፤ የእኛም ቤተ ሙከራ ከእናንተ የተሻለ አይደለም።

የፔንዱለምን ምዕራፍ የማስተምረው በገመድ፣ በድንጋይና በአንድ የእጅ ስልክ ሰዓት ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ 25 ሴንቲ ሜትር ገመድ ላይ ድንጋይ አስረው 10 ሙሉ ዥዋዥዌ የሚወስደውን ጊዜ ይለካሉ፤ 10 ሰከንድ ገደማ ያገኛሉ። ቀጥለው ገመዱን 100 ሴንቲ ሜትር ያደርጉታል፤ 20 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ በአራት እጥፍ አድጎ ጊዜው በእጥፍ ብቻ ማደጉን በዓይናቸው ሲያዩ በቀመሩ ውስጥ ያለው ስኩዌር ሩት ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከዚያ ከባድ ድንጋይ እንዲያስሩ አደርጋለሁ፤ ጊዜው አይለወጥም። በመጨረሻም ከራሳቸው ልኬት ተነሥተው የመሬት ስበት የሚፈጥረውን ፍጥንጥነት ያሰላሉ፤ 9.8 አካባቢ ሲወጣላቸው የሚሰማቸው ደስታ ለእኔም ደስታ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አያልፍም። በፈተና ላይ «የፔንዱለሙ ርዝመት በአራት እጥፍ ቢያድግ» ወይም «ክብደቱ በእጥፍ ቢጨምር» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ለማሳሳት የተቀመጡት ምርጫዎች አያታልሏቸውም። ባልደረባዬ መምህር፣ ለወላጆች ሊያሳዩት የሚገባ ማስረጃ ይህ ይመስለኛል፤ ምርጫዎቹ የሚዘጋጁት ቀመሩን ሸምድዶ ትርጉሙን ያልተረዳውን ተማሪ ለመለየት ነው።

የወሎ መልክዓ ምድር ራሱ ቤተ ሙከራ መሆኑንም ላስታውስ። መጻሕፍቱ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለሚል ውኃው 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የኮምቦልቻ ጎረቤት በሆነው ቃሉ ወረዳ ያለው መምህርና በደሴ ያለ አንድ ባልደረባው በአንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ቴርሞሜትር ለክተው ውጤታቸውን ቢለዋወጡ የአየር ግፊትና የመፍያ ነጥብ ግንኙነት ለተማሪዎቹ ግልጽ ይሆናል። በደጋ ንፍሮ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ የእናቶቻቸውን ጥያቄም ይመልሱበታል።

ለኬሚስትሪም ቢሆን አሲድና ቤዝን ለመጀመር የተገዛ ጠቋሚ የግድ አያስፈልግም። እርድ በውኃ ወይም በአልኮል ተበጥብጦ ወረቀት ላይ ሲቀባ ቢጫ ነው፤ የአመድ ውኃ ወይም የልብስ ሳሙና ውኃ ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ሎሚ ወይም አቼቶ ሲጨመርበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል።

ስለ ክፍሉ ብዛት እኔ የማደርገው ክፍሉን ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹ በመቀመጫው ሆኖ የስሌት ጥያቄዎችን ሲሠራ ግማሹ ይለካል፤ በ20ኛው ደቂቃ ይቀያየራሉ። የስሌቱ ጥያቄ የልኬቱን ውጤት የሚፈልግ ስለሚሆን አንዱ ወገን ያለ ሌላው አይጨርስም። ስለ ምዘናው ደግሞ ለቡድን ውጤት አልሰጥም። ቡድኑ ይለካል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ግን በራሱ ደብተር ስሌቱን ይጽፋል፤ ከየቡድኑ በዕጣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ይህን ቁጥር እንዴት አገኛችሁት?» ተብሎ ይጠየቃል። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ለማወቅ ይገደዳል። ሴት ተማሪዎች መዝጋቢ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩም መለኪያውን የሚይዘው ሰው በየሳምንቱ ይለዋወጣል።

የጥገና ኤሌክትሪሽያን፣ ኮምቦልቻ

እኔ መምህር አይደለሁም፤ በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል እሠራለሁ። ከተማችን ከድሮም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ያሏት ናት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። ስለዚህ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ወጣቶች ብዙ አያለሁ።

እኅታችን «ዩኒቨርሲቲ ካልገባ ቡሬት መያዙ ምን ይጠቅመዋል?» ብለው ለጠየቁት ከሥራዬ አንድ ነገር ልናገር። ሽቦ መግፈፍ፣ ኬብል መሳብ፣ ብሎን ማጥበቅ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። የሚቸግረው ሌላ ነው። በሞተር ላይ የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳ አንብቦ 380 ቮልት የሚለውንና በቤት የሚያውቀውን 220 ቮልት ማገናኘት የማይችል ወጣት አለ። 220ን በስኩዌር ሩት 3፣ ማለትም በ1.73 ገደማ ሲያባዙት 380 ይመጣል፤ ይህ በሦስቱ ፌዞች (ኃይል በሚያመጡት የኤሌክትሪክ መስመሮች) መካከል ካለው የማዕዘን ልዩነት የሚመነጭ የትሪጎኖሜትሪ ውጤት ነው። ይህን ያልተረዳ ሠራተኛ ሞተሩ ለምን በዚህ መንገድ እንደታሰረ አያውቅም፤ ሰው እንዳሳየው ብቻ ያስራል፤ ትንሽ የተለየ ሞተር ሲመጣለት ያቃጥለዋል ወይም ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። በተቃራኒው ቀመሩን በቃሉ የሚያውቅ፣ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ግን ይዞ የማያውቅ የዲግሪ ምሩቅም ገጥሞኛል፤ አምፔር ለመለካት መሣሪያውን ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ማገናኘት ሲገባው በቀጥታ በሁለቱ ጫፎች ላይ ሊያስቀምጠው ሲል ይዘነዋል፤ ይህ መሣሪያውን የሚያበላሽ ለሰውም የሚያሰጋ ነው።

ስለዚህ ትምህርቱን አቋርጠው ቶሎ ሙያ ልማር ለሚሉ ልጆች የምመክረው ሒሳቡን ሳይጥሉ እንዲመጡ ነው። ለሁለቱም ዓይነት ልጆች የጎደለው ያው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ደግሞ ፋብሪካው አያስተምራቸውም፤ እዚህ ማንም ጊዜ የለውም።

የግብርና መምህር፣ ሀብሩ ወረዳ

«መቆፈሩንማ ከቤታቸው ያውቁታል» የተባለው ለእኔ ትምህርት የተባለ ስለሆነ አጭር መልስ ልስጥ። አባትየው ልክ ናቸው። የገበሬን ልጅ ጓሮ ማስቆፈር የግብርና ትምህርት አይደለም፤ እንዲህ የሚያደርግ ትምህርት ቤት ካለ ወላጁ ቢቆጣ ይገባዋል።

ነገር ግን በእኛ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ አቀንጭራ የምትባለውን ጥገኛ አረም ያውቃታል። ሐምራዊ አበባዋን ያውቃል፤ ያለችበት ማሽላ ዝናብ እያለ እንደተጠማ ሰብል እንደሚጠወልግም ያውቃል። ተማሪዎቼ ከዚህ እውቀት ጋር ይመጣሉ። እኔ የምጨምርላቸው ከመሬት በታች ያለውን ነው። ማሽላውን ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅለን፣ አፈሩን በውኃ አጥበን፣ የአቀንጭራዋ ሥር ከማሽላው ሥር ጋር የተጣበቀበትን ቦታ በአጉሊ መነፅር እናያለን። ዘሯ እንደ ብናኝ የደቀቀ መሆኑን፣ አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር እንደምታፈራ፣ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል፣ የሚበቅለውም የማሽላው ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ እንደሆነ እንማራለን። ያን ጊዜ ተማሪው «አበባ ሳታወጣ መንቀል ያለብን ለዚህ ነው» ብሎ ራሱ ይደመድማል፤ ለምን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ እንደሚጠቅምም ይገባዋል። አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ላይ ሲሠራ የኖረው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው በዚሁ በወረዳችን ነው፤ ተማሪዎች ጎረቤታቸው የሚሠራውን ሥራ ሳያውቁ ማደጋቸው ያሳዝነኛል።

ይህ ትምህርት በግብርና ስም ባይፈተንም ጥገኛ ተክል፣ ኦስሞሲስ፣ የናይትሮጅን ዑደት በባዮሎጂ ፈተና ውስጥ አሉ። የባቄላ ወይም የሽምብራ ሥር ላይ ያሉትን እብጠቶች ሰንጥቆ ውስጣቸው ሮዝ መሆኑን ያየ ተማሪ ናይትሮጅን የሚያዘጋጁት ባክቴሪያዎች የት እንደሚኖሩ አይረሳም። የባዮሎጂና የግብርና መምህራን የዓመት ዕቅዳቸውን አብረው ቢያወጡ ሁለት ጊዜ ከማስተማር ይድናሉ። እኛ ይህን ስናደርግ የተረፈውን ክፍለ ጊዜ ለፈተና ልምምድ ሰጥተነዋል፤ ወላጆችም ከዚያ በኋላ አልተቃወሙም።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፔንዱለሙን ምሳሌ ለልጄ አንብቤላት ማታውኑ በገመድ ሞከረችው፤ የተባለውም ሆነ። ሐሳቤን በከፊል ለውጫለሁ፤ ከምዕራፉ ጋር የተያያዘ፣ በክፍለ ጊዜው ውስጥ የሚያልቅ የተግባር ሥራ እንዲቀር አልጠይቅም። ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። የተግባር ሥራ ተብሎ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተማሪዎች እንዲመጡ አይደረግ፤ ከላይ እንዳልኩት ሴቶቹ ልጆች ያንን ጊዜ የላቸውም፣ ስለቀሩ ደግሞ ውጤት ይቀነስባቸዋል። ለተግባር ሥራ ተብሎ ከወላጅ ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነም መጠኑና የሚውልበት ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረን።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ቃሉ ወረዳ

እኅቴ ያነሡትን ሁለቱንም ነጥቦች ለርዕሰ መምህሩ አቀርባለሁ፤ ተገቢ ናቸው። ጋሼ፣ እርስዎና ሌሎቻችሁ የሰጣችሁኝን ይዤ ከፊዚክስ፣ ከባዮሎጂና ከግብርና መምህራን ጋር የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ዕቅድ አብረን ለማውጣት ተስማምተናል። የየምዕራፉን የተግባር ሥራ ለይተን፣ ከክፍለ ጊዜው የማያልፈውንና በአካባቢያችን ባለ ዕቃ የሚሠራውን ብቻ እናስገባለን። ከእያንዳንዱም ሥራ በኋላ በዚያው ልኬት ላይ የተመሠረቱ የምርጫ ጥያቄዎች ይሰጣሉ፤ ይህን ለወላጆች በሚቀጥለው ስብሰባ እናሳያለን። የደሴን የውኃ መፍያ የሚለካ ባልደረባም አግኝቻለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከዘረፋው የተረፉ ጠርሙሶች እንዳሉ ገልጬ ነበር። ግማሾቹ ስማቸው የተለጠፈበት ወረቀት ተልጧል፤ አንዳንዱ ክዳኑ ዙሪያ ደርቆበታል። ልጆቹን ወደዚያ ክፍል ከማስገባቴ በፊት ምን ላድርግ?

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ደሴ

መምህር፣ ጥያቄው በጣም አስፈላጊ ስለሆነ ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይሁን። ስሙ ያልታወቀውን ጠርሙስ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብለው አይክፈቱ፣ አያሽትቱ፣ ከሌላ ነገር ጋር አይቀላቅሉ። ክዳኑ ዙሪያ ክሪስታል የሠራ ጠርሙስ ካለ ጨርሶ አያንቀሳቅሱት፤ አንዳንድ ኬሚካሎች ሲደርቁ በመነቅነቅ ብቻ ሊፈነዱ ይችላሉ። ክፍሉን በቁልፍ ዘግተው የጠርሙሶቹን ፎቶግራፍና ቦታ መዝግበው በትምህርት ቤቱ በኩል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህራን ስላሉት በደብዳቤ ባለሙያ ይጠየቅ። ምንም ነገር ወደ መጸዳጃ፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አይደፋ።

ስማቸው የታወቁትን ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ መስኮት ከፍተው ይለዩአቸው። አሲዶች ከቤዞች ተለይተው ይቀመጡ፤ ናይትሪክ አሲድ ከአልኮል፣ ከአሴቶንና ከሌሎች ተቀጣጣይ ነገሮች ይራቅ፤ በረኪና ከማንኛውም አሲድ አጠገብ አይቀመጥ፣ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ነጭ ጋዝ ውስጥ የተነከረ ሶዲየም ካገኙ ጋዙ ጎድሎ እንደሆነ ይዩ፤ ብረቱ ከተጋለጠ ውኃ ሳያስነኩ ለሚመጣው ባለሙያ ይተዉት። አሲድ ማቅጠን ሲኖርብዎ ሁልጊዜ አሲዱን ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ይጨምሩ እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አይጨምሩ፤ ይህንንም ተማሪዎቹ በማይኖሩበት ሰዓት እርስዎ ራስዎ ይሥሩት። ለእነርሱ የሚቀርበው እስከ 0.1 ሞላር (በአንድ ሊትር 0.1 ሞል) ድረስ የቀጠነው ብቻ ይሁን።